ታደለች ፈተና ላይ ናት

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጄ ሳራና ሁለት ጓደኞቿ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ሳሎን ውስጥ ተዘርግተው ሳለ፣ አንዷ ድንገት ቀና አለችና፣ "እማማ፣ የሳራ እናት ያን ፈተና የተፈተነች ቀን የሆነውን እስቲ ንገሪን" አለችኝ። ማጥናት የሰለቸው ሰው ወሬ ያምረዋል፤ አውቃለሁ። ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ከሳቁ በኋላ "ይኼማ ይጻፍ" አሉ፤ ጽሕፈቱን ግን ለእኔው ጥለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ስለዚህ ይኸው እኔው ተቀምጫለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ራሴ ላንብብ ብዬ። ሦስቱ "ሀ"ዎች የት የት እንደሚገቡ እስካሁን አልተግባባንም፤ ብስት ይቅር በሉኝ።

ታደለች ሴት ልጄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። የምንኖረው ፉሪ ነው፣ ከሐና ማርያም ወረድ ብሎ። ስንገባ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበር፤ ዛሬ በየትኛውም መስኮት ብታዩ ያላለቀ ፎቅ ይታያችኋል። ሰፈራችን ሁልጊዜ ሊያልቅ ትንሽ እንደቀረው ነው። እኔም ጉልበቴን ሲያመኝ "ላልቅ ትንሽ ነው የቀረኝ" እላለሁ።

ልጄ የምትሠራው በሕንጻ ሥራ የሚያማክር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትመራ ኖራ፣ አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና፣ "ከእንግዲህ ፕሮጀክት የሚመራ ሰው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬት ያምጣ" አለ። ስድስት ዓመት የሠራችውን ሥራ መሥራት እንደምትችል የሚመሰክር ወረቀት ማለት ነው። እኔ ያለ ሰርተፍኬት አርባ ዓመት እናት ሆኜ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን እቤታችን እንዳይመጣ እፈራለሁ።

አንድ ጊዜ ተፈትና ወደቀች። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ ክረምት እስኪገባ ሰርተፍኬቱ ካልቀረበ ኮንትራቷ አይታደስም ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበበችው ምናልባት ቃሉ ተለውጦ እንደሆነ ብላ ይመስለኛል። አልተለወጠም። በቤታችን ሌላ ደመወዝ የሚያመጣ ሰው የለም፤ እኔ የማመጣው ምክር ብቻ ነው።

ጥናቱ ተጀመረ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ትቀሰቅሰኛለች። "እኔ ምን አደርግልሻለሁ?" ብላት፣ "እማዬ፣ አስተማሪው እንዳለን፣ የተማሩትን ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው ቁም ነገሩ። አንቺን ካስረዳሁሽ ገብቶኛል ማለት ነው" አለችኝ። ይኼ ስድብ ይሁን ክብር ሦስት ወር ሙሉ አስቤ አልለየሁትም። ሻይ አፍልቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።

"ፕሮጀክት ማለት" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፣ "መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው።"

"እንግዲያስ ልጅ ማሳደግ ፕሮጀክት አይደለም።"

"ለምን?"

"አንቺ አርባ ልትሞዪ ነው፣ እኔ ገና ሻይ አፈላለሁ።"

ሌላ ቀን ባለድርሻ የሚባል ነገር አመጣች። ሥራው የሚነካው ሰውም፣ ሥራውን ሊነካ የሚችል ሰውም ባለድርሻ ነው፤ ኃላፊው ገና ከመጀመሪያው ሁሉንም ቆጥሮ ማወቅ አለበት አለችኝ። እንዲህ ስትል፣ እንዲያ ስትል፣ ሻዬ ቀዘቀዘ።

"ገባኝ" አልኳት፤ "ድግስ ሳይጠራ ቀርቶ የሚቀየም ሰው ሁሉ ማለት ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይኼን እኮ መጽሐፉ በስንት ገጽ ነው ያለው" አለች።

ቀጥሎ የስጋት መዝገብ መጣ። ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ሳይመጣ በፊት ትጽፊዋለሽ፣ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ትመዝኚዋለሽ፣ ቢመጣ የምታደርጊውንም ከጎኑ ታስቀምጫለሽ አለችኝ። እኔ ይህን መዝገብ ካገባሁ ጀምሮ በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ። ነፍሱን ይማርና ባሌ "ጭንቀታም" ነበር የሚለኝ፤ ስሙን አለማወቁ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ጥያቄዎቹ ነበሩ። ሁሉም የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው፦ "የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?" ታደለች ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልኛለች። አንድ ሠራተኛ ሥራውን በጊዜው አላደረሰም። ኃላፊው መጀመሪያ፣ ለአለቃው ያመለክታል? ከቡድኑ ያስወጣዋል? ሌላ ሰው ይጨምርበታል? ወይስ ብቻውን ጠርቶ ያነጋግረዋል?

"ያነጋግረዋል" አልኩ። "ልጁ ታሞበት እንደሆነስ?"

እሷ ለአለቃ ያመለክታል ብላ ነበር። መልሱን ገልጣ አየች፤ ልክ የነበረው የእኔ ነው። በማግሥቱም እንደዚሁ። በሳምንቱም። ምሥጢሩ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ወደ አለቃ የሚሮጠው መልስ ሁሌም ውሸት ነው፣ ማባረርም ውሸት ነው፤ እውነቱ መጀመሪያ ሄዶ ማየትና ባለቤቱን ማነጋገር ነው። እኔ አለቃ ኖሮኝ ስለማያውቅ መልሱ አይጠፋብኝም። ልጄ ግን ብዙ ዓመት አለቃ ፊት ቆማ ስለኖረች እጇ ሳታስበው ወደ እሱ ይሄዳል። "እንግሊዝኛውን ብታነቢው ኖሮ አንቺ ትፈተኚልኝ ነበር" አለችኝ አንድ ቀን። ደክሟት ነው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

መድከሙን አታንሡብኝ። በሁለተኛው ወር ሚኒባስ ውስጥ አንቀላፍቼ ከሐና ማርያም አልፌ የት እንደደረስኩ እንጃ፣ ረዳቱ "እማማ፣ ያልከፈልሽበት መንገድ ነው" ብሎ አስወረደኝ። እሁድ ስብከት መሃል አንገቴ ሲሰበር፣ አጠገቤ ያለችው እህት መንፈስ የነካኝ መስሏት ነጠላ አለበሰችኝ። እኔም አላስተባበልኩም። ሞቅ ይል ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ታደለች አንድ ነገር አመጣች። ፈተናውን እቤት ሆና በኮምፒውተር ትፈተናለች፤ ባህር ማዶ ያለ ሰው በካሜራ እያየ ይጠብቃታል። ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሕጉን ስትነግረኝ ግን ጉልበቴ ያን ጊዜውኑ አመመኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አይኑር። ሰው ከገባ ፈተናው ይሰረዛል። ግድግዳው ላይ ሥዕልም ሆነ ጽሑፍ አይኑር። ጠረጴዛው ባዶ ይሁን። አፏን ከፍታ እንኳ ጥያቄ ማንበብ አይፈቀድላትም። የሰው ድምፅ ከተሰማ ሰውየው አንዴ ያስጠነቅቃል፤ ከተደገመ ይዘጋባታል።

"ምልክት እናድርግ" አለችኝ። "ድምፅ ከገባብኝ ጠረጴዛውን በጣቴ አንዴ አንኳኳለሁ። ያኔ ጸጥ አስብይልኝ።"

"ሁለተኛ ካንኳኳሽስ?"

"ሁለተኛ ካንኳኳሁማ አልቋል፤ ገብተሽ አቅፈሽኝ ማልቀስ ትችያለሽ።"

ከሁሉ የባሰው ግን ይህ ነው፦ "ለማንም እንዳትነግሪ፣ እማዬ። ብወድቅ ሰፈሩን ሁሉ ማስረዳት አልችልም።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ሸምሱ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ብረታ ብረት ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። የልጄ ክፍል ግድግዳና የእሱ ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ብረት ሲቆርጥ ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፤ የቀሩት ማለት ነው።

"ሸምሱ ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድምፅ ቀንስልኝ።"

"እማማ፣ ያለ ድምፅ የሚቆረጥ ብረት አላህ አልፈጠረም።"

"እንግዲያስ አትቁረጥ። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት።"

"ሰው ታሟል?"

"ኧረ የለም።"

"ሠርግ ነው?"

"አይደለም።"

አየኝ አየኝና፣ "የማይነገር ነገር ነው?" አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። "ይሁን በቃ፣ ቅዳሜ ቀለም እቀባለሁ፤ ቀለም አይጮህም" አለኝ። ሰው ማለት እንዲህ ነው። ሳይገባው እሺ ይላል።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ የምጽፈው ነገርም አይኖርም ነበር። ግን ዓርብ ማታ ሲመሽ ሲመሽ ልቤ አልችል አለ። ጸሎት ያስፈልጋታል። የቤት ለቤት ኅብረታችንን የምትመራው እህት ወርቅነሽ ናት፤ ጸሎቷ ጣራ የሚያነሣ ሴት ናት። ደወልኩላት። ምሥጢሩንም መጠበቅ አለብኝ፣ ጸሎቱንም ማግኘት አለብኝ። ስለዚህ አሳጥሬ እንዲህ አልኩ፦ "ወርቄ፣ ታደለች ከባድ ፈተና ላይ ናት። ነገ ጠዋት በጸሎት አስቢያት። ምኑን አትጠይቂኝ። ለማንም አትንገሪ።"

እናንተ የምታነቡ፣ ጴንጤ ያልሆናችሁ ካላችሁ ላስረዳ። እኛ ዘንድ "ፈተና ላይ ነው" የተባለ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አይደለም የሚታየው። ሰይጣን ጉሮሮውን ይዞት ነው። "ለማንም አትንገሪ" ማለት ደግሞ ለጸሎት ብቻ ንገሪ ማለት ነው፤ ለጸሎት የተነገረ ነገር ከመንገድ ወሬ በምን ፍጥነት እንደሚበልጥ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቅዳሜ ነጋ። ሳራ ጓደኛዋ ቤት አድራለች። እኔና ታደለች ክፍሉን አራቆትነው። አልጋውን ፈታን፣ ቡፌውን ገፋን፣ መጋረጃውን አወረድን፣ የሟች ባሏን ፎቶ ሳይቀር ከግድግዳው አነሣን። በር አጠገብ የተሰቀለውን ትልቁን ጥቅስም አወረድነው፣ ጽሑፍ ነዋ። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ ግቢ ወጣ። ልጄ ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ፊቷ እንደ ወረቀት ነበር። "እግዚአብሔር ይርዳሽ" አልኳት። "እሱስ ይረዳኛል፤ አንቺ ደጁን ያዢልኝ" አለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሸምሱ ቃሉን ጠበቀ፤ ከግድግዳው ማዶ የብሩሽ ድምፅ እንኳ የለም። መንደሩም ዝም ብሏል። እኔ ፕላስቲክ ወንበሬን ይዤ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ደስ ባለኝ በአፍታ ጊዜ ውስጥ ውሃ መጣ።

ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። ቧንቧው ያለው ደግሞ የት መሰላችሁ? ከታደለች መስኮት ሥር። መጀመሪያ እንደ አሮጌ ሰው አሳለ፣ ከዚያ አጓራ፣ ከዚያ ባዶው ጀሪካን ላይ ይንደቀደቅ ጀመር። ልዝጋው ወይስ ልቅዳው? ከሳምንት በኋላ የመጣ ውሃ ዘግቶ መቀመጥ የሴት ልብ የሚችለው ነገር አይደለም። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁትን አደረግሁ፤ የራስ ሻሼን ፈትቼ በቧንቧው አፍ አሰርኩና ጫፉን እስከ ጀሪካኑ ወለል አወረድኩት። ውሃው ጨርቁን ይዞ ያለ ድምፅ ይወርዳል። በባዶ ራሴ፣ በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ፣ አሥራ አንድ ጀሪካን እንደ ሌባ ቀዳሁ። ወገቤን አትጠይቁኝ። የመጨረሻውን ስከድን የግቢው በር ተንኳኳ።

ከፈትኩ። እህት ወርቅነሽ ናት። ከኋላዋ ሰባት ሰው አለ። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ ለጸሎት የተነገራቸው ናቸው።

ወርቅነሽ መጀመሪያ እኔን አየች። ጸጉሬ ተበትኗል፣ ቀሚሴ ረጥቧል። ከዚያ ግቢው ውስጥ የተዘረገፈውን አልጋና ቡፌ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ የት ናት?" አለች።

"ውስጥ ናት፤ በር ተዘግቶባት" አልኩ በሹክሹክታ።

"ማን ነው የዘጋባት?"

"ራሷ። ሰው መግባት አይችልም። ከገባ ይሰርዟታል።"

"እነማን?"

"የሚያዩዋት። በካሜራ። ባህር ማዶ ሆነው።"

ወርቅነሽ ወደ ሌሎቹ ዞራ አየች። አንዱ ሰውዬ ኮቱን አወለቀ።

"ድምፅ እንዳታሰሙ" አልኩ፤ "አፏን ከከፈተች እንኳ አይለቋትም።"

ይህን ስናገር እኔ የፈተናውን ሕግ ማስረዳቴ ነበር። ያን ጊዜ የወርቅነሽ ዓይን ከቡፌው ሥር መሬት ላይ ዘንበል ብሎ የተቀመጠው ጥቅስ ላይ አረፈ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ጥቅሱንም አስወረዷችሁ?"

"አዎ፣ ግድግዳው ላይ ምንም ጽሑፍ አይፈልጉም።"

አለቀ። ወርቅነሽ እጇን ወደ ሰማይ አነሣች።

ጸሎቷን እንደነበረ ልጽፈው አልችልም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሰባቱም ተከትለው አጓሩ። አንዱ በልሳን፣ አንዱ በሀዲይኛ፣ አንዱ በእንባ። "ጌታ ሆይ" አለች ወርቅነሽ፣ "እሷን ከሩቅ ሆና የምታያትን ያቺን ዓይን አሳውር።"

"አሜን" አልኩ እኔ።

ከልማድ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጸሎት በሰማሁ ቁጥር አሜን ብያለሁ፤ አፌ እኔን አይጠብቅም። ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ያቺ ዓይን ካሜራዋ ናት። ካሜራዋ ከታወረች ፈተናው ይሰረዛል፤ ኮንትራቱም፣ ደመወዙም፣ የሳራ ትምህርትም አብሮ ይታወራል። "አሁን የተባለውን አትስማ፣ እሷ አላወቀችም፣ እኔም ሳላስብ ነው" እያልኩ በውስጤ ከአሜኔ ጋር ትግል ገጠምኩ። ጌታ ባይታገሠን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር።

ያኔ ከውስጥ ሰማሁ። ኳ። አንዴ።

ጸሎቱን ማስቆም አለብኝ፤ ግን በጸሎት መሃል ሰው "ዝም በሉ" ይባላል? አይባልም። ጸሎት የሚዘጋው በአሜን ነው። ስለዚህ ጮክ ብዬ "አሜን" አልኩ፣ ይደመድማሉ ብዬ። ወርቅነሽ ግን አሜን ስትሰማ እንደ ቤንዚን ነው፤ ባሰባት። ሌላ "አሜን" ጨመርኩ፣ ኮቱን ያወለቀው ሰውዬ መዝለል ጀመረ። ሦስተኛውን ብል ጣራው ይሄድ ነበር።

እዚያ ቆሜ ሳለ ያ የጠዋት ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ፓስተሩ ጋ ልደውል አሰብኩ። ውሸት። ላስወጣቸው አሰብኩ። ውሸት። ሄጄ ወርቅነሽን አቀፍኳት። ዓይኗን እንደጨፈነች ነች። አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ፣ ለማንም አልነግርም ያልኩትን ነገርኳት።

"ወርቄ፣ ሰይጣን አይደለም። ፈተና ነው። የጥያቄ ፈተና። የሥራ። በኮምፒውተር እየተፈተነች ነው፤ የእኛ ድምፅ ከተሰማ ትወድቃለች፣ ከወደቀች ሥራዋን ታጣለች።"

አንድ ዓይኗን ከፈተች። ቀስ ብላ ሁለተኛውን።

"እትዬ" አለች፣ "ታዲያ እንደ ሰው ኤግዛም አትይም?"

"እኔ በአማርኛ ነው የማውቀው።"

ወርቅነሽ ብልኅ ሴት ናት። እጇን አነሣች፣ ሰዎቹ ዝም አሉ። ግን መሄድ አልፈለጉም፤ ከሩቅ መጥተዋል፣ ጸሎቱም ገና አልተደመደመም፣ ያልተደመደመ ጸሎት ይዞ ወደ ቤት መመለስ ይከብዳል። በእግር ጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ተከተሉኝ። ሸምሱ ጋ ወሰድኳቸው፤ ከእኛ በኩል ባለው ክፍሉ ሳይሆን ከማዶ በመንገዱ በኩል ባለው።

ሸምሱ ቀለም በብሩሽ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "እማማ፣ እኔ ድምፅ ዘግቼ፣ ድምፁ በእግሩ መጣ?" አለኝ።

"የማይነገረውን ልንገርህ" አልኩት፤ ነገርኩት። ምሥጢር አንዴ ከተቀደደ አይሰፋም። ሸምሱ አሰበና ብሩሹን አስቀመጠ። "ሥራ አስቁማችሁኛል፣ ዱዓ እንኳ ይግባበት። ግቡ። ብቻ ብረቱ ላይ እንዳትቀመጡ፣ ቀለሙ አልደረቀም።"

ወጥቼ ስሄድ ወርቅነሽ በለሆሳስ ስትጀምር ሰማኋት። "ጌታ ሆይ፣ ቅድም ያነሣናትን ዓይን በተመለከተ" አለች፣ "አንተ ታውቃለህ፣ አብራት።" አሜን ያልኩት በሙሉ ልቤ ነው።

ተመልሼ ወንበሬን ደጁ ላይ ግጥም አደረግሁት። ሰው ሊያልፍ ቢፈልግ እኔን ተሻግሮ ነው። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ግቢው አዞርኩ። ሁለተኛ መንኳኳት እጠብቃለሁ። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ጸጥታ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ብድግ አልኩ። ታደለች ወጣች። ፊቷ የተጨመቀ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወገቧን ጎበጥ አድርጋ። አላየችኝም። ምንም ሳትል ገፋ አድርጋኝ አለፈች፣ ግቢውን አቋርጣ፣ በአልጋውና በቡፌው መሃል ሮጣ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ድርግም አደረገችው።

እኔ ባለሁበት ተቀመጥኩ። ልታለቅስ ነው የገባችው አልኩ። ሰው ሲወድቅ ሰው ፊት አያለቅስም። ወርቅነሽና ሰዎቿ የግቢውን በር ገፍተው ገቡ፤ አንዷ እህት ቀሚሷ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ።

"ወጣች?" አለች ወርቅነሽ።

"ወጣች።"

"ምን አለች?"

"ምንም።"

ሸምሱ ከኋላ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እኔ የማስበው ስለ ደብዳቤው ነው። ለሳራ ምን እንደምንላት፣ ቤቱን ለማን እንደምናከራይ፣ እኔ አገር ቤት ብገባ አንድ አፍ እንደሚቀንስ። መዝገቤን አንድ በአንድ እያነበብኩ ነበር።

የሽንት ቤቱ በር ተከፈተ። ታደለች ወጣች፣ እጇን ካስቀመጥኩት ጀሪካን ውሃ ታጠበች፣ ፊቷንም። ከዚያ ግቢው ሙሉ ሰው መሆኑን አየች። ሰውን፣ ሸምሱን፣ አልጋውን፣ የእኔን ባዶ ራስ።

"አለፍኩ" አለች። ቀስ ብላ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። "እዚያው ነገሩኝ። አለፍኩ፣ እማዬ።"

እልል ያለ ሰው የለም፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር። ወርቅነሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ሸምሱ "ማሻአላህ" ብሎ ዞሮ ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ የአራት ሰዓት ብረቱን አንድ ላይ ይቆርጥ ጀመር። ያን ቀን ያ ድምፅ ለጆሮዬ ጥሩ ነበር። ዕቃውን ሰባቱ ጸላዮች መለሱልን፣ አልጋውን አጣመው ነው የገጠሙት፣ እስካሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል። ኮንትራቱ ታደሰ። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ እሱ ራሱ ሰርተፍኬቱ እንደሌለው በኋላ ተሰማ ይላሉ፣ እኔ ግን የሰው ስም አላነሣም።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስነግራቸው ታደለች ማድ ቤት ሆና ትሰማን ነበር። ስጨርስ ብቅ ብላ ለሳራ፣ "ፈተናሽ ላይ ዕረፍት ከሰጡሽ ተጠቀሚበት፣ እንደ እኔ አትሁኚ" አለቻት።

"ያ ፈተና ዕረፍት ነበረው?" አልኩ እኔ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም።

"ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። ሁለቱንም ጊዜ ሽንት ቤት ልሄድ በሩን ከፍቼ ነበር። አንቺ ወንበሩ ላይ ደጁን ዘግተሽ ተኝተሻል። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ዘጋሁት።"

"ምነው አትቀሰቅሺኝም?"

"ሦስት ወር ሙሉ ስቀሰቅስሽ ነበር፣ እማዬ" አለችኝ።